የዬርኮ ሳልና የእኔ ጉሮሮ

ክቡራትና ክቡራን፣ አሠሪያችን ወይዘሮ ዶብሪላ፣ ሹፌሮች፣ አስጎብኚዎች፣ ከማእድ ቤቱ በር ላይ ተደግፋችሁ የምትሰሙኝ እናንተም፤ ስለ ድግሱ እግዜር ይስጥልኝ። ዓሣው ጥሩ ነበር። ወይኑም ጥሩ ነው፣ ገና እየመሰከርኩለት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የማመሰግነው ስለዚህ ማይክሮፎን ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ «ፓሽኮ፣ እባክህ ትንሽ ዝም በል» ስትሉኝ ኖራችሁ፣ ዛሬ ድምፄ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ ሲል ማይክሮፎን አመጣችሁልኝ። ይህ ደግነት ነው ወይስ ቂም? ባለቤቴ ቴዛ ከቤት ስንወጣ «አሳጥረው» ብላኛለች። እሺ ብያለሁ። እሷም እንደማላሳጥረው ስለምታውቅ ወንበሯ ላይ ትራስ ደርባ ነው የተቀመጠችው፤ ዞር ብላችሁ ማየት ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ ልናገር። ከጀርባዬ ያለው መስኮት ተከፍቷል። የመግቢያው በርም ተከፍቷል። ማን እንደከፈተው አልጠየቅሁም። ማጅራቴ ግን አውቆታል። የሆነው ይሁን፣ ጡረታ የወጣ ሰው ምን ይቀረዋል ብዬ ትቼዋለሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ።

እዚህ ያላችሁት ወጣቶች ስለ እኔ የምታውቁት ሁለት ነገር ነው። ብዙ ማውራቴንና አንገት ልብሴን። በሐምሌ ሐሩር አንገት ልብስ የሚያደርግ አስጎብኚ በዚህ ባሕር ዳርቻ ሁሉ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሦስተኛውን ገመና ግን የሚያውቀው ዬርኮ ብቻ ነው። ያው ዬርኮ፣ ከጥግ ተቀምጦ ጨው ማስቀመጫውን የሚያሽከረክረው ሰውዬ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሚኒባሴን የነዳው።

መኪና ያጥወለውለኛል።

አትሳቁ። ወይም ሳቁ፣ ልክ ናችሁ። ከስፕሊት እስከ ግራዳጽ መንገዱ ቀጥ የሚለው የት ላይ ነው? የትም። በአንድ ወገን የቢዮኮቮ ተራራ፣ በሌላው ወገን ገደልና ባሕር፣ መሐል ላይ እንደ ተጣለ ገመድ የተጠማዘዘ አስፋልት። በዚህ መንገድ እንጀራዬን ልበላ የወሰንኩት እኔ ነኝ። ዋና የማይችል ሰው ዓሣ አጥማጅ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ እሱ ቢያንስ የሚሰምጠው አንዴ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይለኛል። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ ፀጉሬን ተቀብቼ፣ ያኔ ፀጉር ነበረኝ፣ ከሹፌሩ ጎን ቆሜ ፊቴን ወደ እንግዶቹ አዞርኩ። ስምንት እንግዶች። አስጎብኚ እንግዶቹን ዓይን ዓይናቸውን እያየ ነው የሚያስረዳው ተብለን ተምረናላ። ስለ ኦሚሽ የባሕር ወንበዴዎች ጀመርኩ። ወንበዴዎቹ የመጀመሪያዋን መርከብ ሳይዘርፉ እኔ ሸሚዜን አበላሸሁ።

ዬርኮ መኪናውን ዳር አስያዘ። ከወንበሩ ሥር ደረቅ ዳቦና አንዲት ጨው የበዛባት ዓሣ አውጥቶ ሰጠኝ፣ እስክበላ ጠበቀኝ። ከዚያ፣

«ወደ ፊት ዞረህ ተቀመጥ» አለኝ።

«እንግዶቹስ?»

«የመጡት ያንተን ፊት ለማየት አይደለም።»

ወዳጆቼ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬን በሙሉ የሠራሁት ለመኪናው የፊት መስታወት እያወራሁ ነው። ከእንግዶቼ አብዛኞቹን ከማጅራቴ ጋር ነው ያስተዋወቅኳቸው። ስንቱን ነገሥታት፣ ስንቱን ጦርነት፣ ስንቱን የወይራ ዛፍ ለዝናብ መጥረጊያው ተርኬለታለሁ። የዝናብ መጥረጊያ ታሪክ ቢፈተን በዚህ አገር አንደኛ የሚወጣው የእኛ ነው።

አንድ ቀን ከማካርስካ ስንመለስ፣ ስለ ጥንት ጨው ነጋዴዎች እያስረዳሁ፣ ልቤ ራሱ ተነክቶ፣ ሰው ሁሉ እንደሚስቅባት የማውቃትን ቀልድ ጣልኩ። ጸጥ። ዬርኮን በዓይኔ ጠየቅኩት። እሱ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ።

«ተኝተዋል» አለኝ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከወንበዴዎቹ።»

ከወንበዴዎቹ ማለት ከጠዋት ጀምሮ ማለት ነው። አፍሬ ዝም አልኩ። ትንሽ እንደሄድን ዬርኮ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ «ቀጥል እንጂ» አለኝ። «እኔ አልተኛሁም።»

ቀጠልኩ። በሥራ ዘመኔ ከተነገሩኝ ነገሮች ሁሉ ልቤን የያዘው ያ ነው። ይህን ሰው ስንት ጊዜ ያንኑ ታሪክ፣ በዚያው ኩርባ ላይ፣ በዚያው ድምፅ እንዳሰማሁት አስቡት። ቅዱሳን እንኳ ለዚህ አልተፈተኑም።

በምላሹ ዬርኮ ከእኔ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቭሩልያን ታውቁታላችሁ፣ ለቀባሪው አረዱት ነው። ያቺ ኩርባ፣ ድንጋዩ ድንገት አልቆ ባሕሩ በሙሉ ከእግርህ ሥር የሚዘረጋባት። እዚያ ስንደርስ ዬርኮ ፍጥነቱን ይቀንስና አንዴ ይስላል። እህ። ትርጉሙ «እዚህ ጋ ዝም በል፣ ሰዎቹ ይዩበት» ነው። በቃ። ከኩርባው እስከሚቀጥለው መታጠፊያ ድረስ ዝም ማለት። አንድ ሰው አባታችን ሆይን በልቡ ቢደግም የሚጨርስባት ጊዜ አትሆንም።

አንድም ቀን አልቻልኩም። ይስላል፣ እኔም በጭንቅላቴ እሺ እላለሁ፣ ከዚያ «እዚህ ጋ ግን አንዲት ነገር ብቻ ልንገራችሁ» ብዬ እጀምራለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ እንዳይነቅዝ ነው መሰለኝ ከከረጢቱ አውጥቼው አላውቅም።

እንግዲህ ወደ ነሐሴ ልምጣ። ያለፈው ነሐሴ።

ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ነበር። እኛ የዚህ ባሕር ዳርቻ ልጆች እናውቃለን፤ ብንቀቀልም እንቀቀላለን እንጂ መስኮት አንከፍትም። አንድ መስኮት ከተከፈተ አየር ነው። ሁለት መስኮት ከተከፈተ ግን በሁለቱ መሐል ለተቀመጠ ሰው ቄስ ጥሩ። እናቴ እንዲህ ብላ አሳደገችኝ፣ የእናንተም እናቶች እንዲሁ። ፀጉሩ ሳይደርቅ ከቤት የወጣ ሰው፣ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች ልጅ፣ በሁለት መስኮት መሐል ያንቀላፋ ሽማግሌ፤ እነዚህ ሦስቱ በእኛ ሰፈር ለሞት ምክንያት ይበቁ ነበር።

በዚያ ቀን ግን ከኖርዌይ የመጣ አንድ ግዙፍ ሰው ከኋላችን ተቀምጧል። ፊቱ እንደ ተቀቀለ ሎብስተር ቀልቷል። «ወንድሞቼ፣ ልሞት ነው» አለን። ዬርኮ አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ዬርኮ አንጀቱ አልቻለም፣ የራሱን መስኮት ከፈተ። ኖርዌዩ ደግሞ ደስ ብሎት የራሱን ከፈተ። ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ መሐል ላይ ምን አገኘ? ላብ ያጠመቀው የእኔን አንገት። አንገት ልብሱንም በዚያን ቀን፣ በዚያን ቀን ብቻ፣ ቤት ረስቼው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ተነስቼ ቴዛን «እንደምን አደርሽ» ልላት አፌን ከፈትኩ። የወጣው አየር ብቻ ነው። ቴዛ ሻይ እያፈላች ነበር። ዞር ብላ አየችኝ፣ ትንሽ ጠበቀች፣ እንደገና ስሞክር አየችኝና ወደ ሻይዋ ተመለሰች። ከሠርጋችን ወዲህ እንደዚያ ጠዋት ተረጋግታ አይቻት አላውቅም።

ቢሮው ግቢ ስደርስ ሁላችሁም ነበራችሁ። በእጄ ጉሮሮዬን ይዤ፣ በሌላው እጄ ዬርኮን እየጠቆምኩ፣ ባለችኝ ሹክሹክታ «ገደለኝ፣ በመስኮቱ ገደለኝ፣ ምስክር ሁኑ» አልኩ። መሬት ላይ ወደቅሁ ጭምር። አንዳንዶቻችሁ አጨበጨባችሁ። እኔም ጥሩ ተጫወትኩ ብዬ ኮራሁ። ተዋናይ መሆን ነበረብኝ ብዬ ለቴዛ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት።

ዬርኮ አልሳቀም። እኔ ግን መቼ የሳቀ ሰው ነውና ብዬ ልብ አላልኩም።

ከዚያ በመስከረም የሆነውን ታስታውሳላችሁ። የሚተካኝ ሰው ሳይመጣ ቀርቶ፣ ድምፅ የሌለው አስጎብኚ ከስምንት እንግዶች ጋር ወጣ። ምን ላድርግ? በጣቴ ጠቆምኩ። ተራራ፣ ጠቆምኩ። ደሴት፣ ጠቆምኩ። ቭሩልያ ስንደርስ ዬርኮ አልሳለም። ለምን ይስላል? የሚያስቆመው ነገር የለማ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያች ኩርባ ላይ አፌ ተዘግቶ ባሕሩን አየሁት። ምን ልበላችሁ፣ ያምራል። ማንም አልነገረኝም ነበር።

ማታ ከእንግዶቹ አንዷ የላከችውን አስተያየት ወይዘሮ ዶብሪላ ጮክ ብላ አነበበችልን። «ጉዞው ግሩም ነበር፣ በተለይ አስጎብኚው። አይናገርም።» በሥራ ዘመኔ ያገኘሁት ትልቁ ምስጋና ይህ ነው። ወይዘሮ ዶብሪላ፣ ግድግዳው ላይ መለጠፍሽን አይቻለሁ። ክፈፍ ማስገባትሽንም አይቻለሁ።

ድምፄ ቶሎ አልተመለሰም፤ ሲመለስም ይህ ሲጢጥታ ሆኖ ነው። በክረምቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፣ ሐኪሙም ያለውን አለ፣ ወደዚያ እመለሳለሁ። ጡረታ ልወጣ መሆኑን በጥር ነገርኳችሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ዬርኮ ምሳውን ከእኔ ጋር መብላት ትቷል። ሃያ ምናምን ዓመት ከአንድ ሳህን የበላን ሰዎች። ስመጣ ይነሳል። ስጠራው «ጎማ ላይ» ይለኛል። ስንት ጎማ አለው ሚኒባሱ? አራት። ሰውዬው ሦስት ወር ጎማ ላይ ነው።

እኔም ተቀየመኝ አልኩ። ጥሎኝ ሊሄድ ነው ብሎ ተቀየመ። ታዲያ ለእኔ ቀላል ነው እንዴ? እያልኩ እኔም ተቀየምኩ። ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ግቢ ተኳርፈው፣ አንዱ ጎማ ሲያይ ሌላው ጎማ የሚያየውን ሰው ሲያይ። ደግሞ ኩርፊያ ለእኔ ዓይነቱ ከባድ ነው። ለመኮራረፍ ዝም ማለት ያስፈልጋል።

ባለፈው እሁድ ግን ማሪዬታ ቤት መጣች። ማሪዬታ፣ ተነሺ እስቲ ይዩሽ፤ ወንበሬን የምትወርሰው እሷ ናት፣ እግዜር ይርዳት። ስለ ወንበዴዎቹ ልትጠይቀኝ ነበር የመጣችው። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ፣

«ጋሼ ፓሽኮ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት? ዬርኮን በየካቲት ዱብሮቭኒክ አይቼዋለሁ» አለችኝ።

«ዱብሮቭኒክ ምን ይሠራል?»

«በቅዱስ ቭላሆ በዓል። ሰልፍ ላይ።»

ሳቅሁ። ዬርኮ ከቀብር በስተቀር ቤተ ክርስቲያን የገባበትን ቀን የሚያውቅ አለ? ያውም ጉሮሮ በሚባረክበት ሰልፍ፣ ካህኑ ሁለቱን ሻማ አመሳቅለው አንገት ላይ በሚያደርጉበት። «ምን ሆነ ጉሮሮው?» አልኳት።

«እኔም ጠየቅኩት። የእኔ ደህና ነው፣ ስለ ሌላ ሰው ነው የቆምኩት አለኝ።» ከዚያ ቀጠል አድርጋ፣ «ድምፁን በመስኮቱ የነሳሁት እኔ ነኝ፣ አለኝ።»

ማሪዬታ ከሄደች በኋላ በሩ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ። ቴዛ «ነፋስ ይመታሃል፣ ዝጋው» እስክትለኝ ድረስ።

ወዳጆቼ፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እኔ በግቢው መሐል ወድቄ ጭብጨባ ስሰበስብ፣ ይህ ሰው እያንዳንዷን ቃል ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሄዷል። በክረምት ዝናብ፣ ያንን ሁሉ ኩርባ ብቻውን ነድቶ፣ ጤነኛ አንገቱን ለእኔ አንገት አስባርኳል። እኔ ደግሞ ጎማ ይቆጥራል ብዬ ተቀይሜዋለሁ።

ስለዚህ፣ በአደባባይ ስለከሰስኩት በአደባባይ ልናገር። ዬርኮ፣ ጨው ማስቀመጫውን ተወውና ስማኝ።

ሐኪሙ ጉሮሮዬን በመብራት አየ። አየና ከኋላው ያለችውን ነርስ ጠርቶ እንድታይ አደረገ። «ሥራዎ ምንድን ነው?» አለኝ። በወረቀት ጻፍኩለት። «ስንት ዓመት?» ጻፍኩለት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እዚህ ላይ እንደ መጅ ያለ ነገር ወጥቷል» አለኝ። «ገበሬ እጁ ላይ እንደሚያወጣው። ብዙ ከማውራት ነው።» ስለ መስኮቱ ጻፍኩለት። ስለ ኖርዌዩም ጻፍኩለት። ሁለቱ መስኮቶች የት የት እንደነበሩ ሥዕል ሣልኩለት። ሥዕሉን አየና «ጌታዬ፣ መስኮት ይህን አያደርግም» አለኝ። «ይህን ያደረጉት እርስዎ ነዎት።»

ይኸውላችሁ እውነቱ። ወሬ ነው የጣለኝ። ነፋስ በዚህ አገር ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በነፃ ተለቋል። ሐኪሙ ያለውን ለማንም አልነገርኩም ነበር፣ እናንተ ብትሰሙ እስከ መቃብሬ አትለቁኝም ብዬ ነው። ነፋስ ሲመታው ድምፁ ጠፋ መባል የወግ ነው። አውርቶ አውርቶ ድምፁን ጨረሰ መባል ግን? ይኸው፣ አሁን ሳቁ። ለዬርኮ ስል ነው የተዋረድኩት፣ ደጋግማችሁ ሳቁ።

ዬርኮ፣ አንተ አልነካኸኝም። ያን ቀን መስኮቱን ባትከፍት ኖሮ ኖርዌዩ ይሞትብን ነበር፣ እኔም ለሬሳው ስለ ወንበዴዎቹ እተርክ ነበር። ሦስት ወር ብቻዬን ስበላ ምሳ አልጣፈጠኝም። ናፍቀኸኛል። ሰው በተሰበሰበበት ይህን እንድናገር ያደረግከኝ አንተ ነህ፣ ሰው ፊት ያፈርክ እንደሆን እኩል ነን። አሁን አንድ ቃል ተናገር።

ተነሳ። አያችሁ፣ ተነሳ። ወዴት ነው? ዬርኮ፣ ወደ በሩ ከሆነ የምትሄደው እኔ ልከተልህ አልችልም፣ ይህ ማይክሮፎን ገመድ አለው።

አይ። ወደ እኔ ነው። ወንበሩን ገለል አድርጉለት እስቲ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ለማታዩት ልንገራችሁ። አጠገቤ ደርሶ አልፎኝ ሄደ። ከጀርባዬ ነው ያለው። መስኮቱን ዘጋው። መቀርቀሪያውንም አደረገው። አሁን በእጁ እየሞከረው ነው፣ በደንብ መዘጋቱን።

ምን አልክ? ጮክ በል፣ አይሰሙህም።

«ሐኪሙ የየት አገር ሰው ነው?» ነው የሚለው። ከባሕር የራቀ የዛግሬብ ሰው ነው ወዳጄ።

ሰማችሁት? «ታዲያ ስለ ነፋስ ምን ያውቃል» አለ። በቃ። አላመነኝም። መስኮቱ ጥፋተኛ ነው፣ እሱም እንደ በደለኛ ነው የሚኖረው፣ ግን እዚሁ አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከሳህኔ ዓሣ አነሳ። ለእኔ ይበቃኛል።

ልጨርስ። ቴዛ ትራሱን አንስታለች፣ ምልክቱን አውቀዋለሁ።

ወይዘሮ ዶብሪላ፣ ቤትሽ እንግዳ አይጣ፣ መኪኖችሽም መንገድ። ሹፌሮች፣ ፍሬናችሁ የታመነ፣ ከፊታችሁ የሚመጣው ሰው ትዕግሥተኛ ይሁን። ቡራ፣ ያ ብርቱ ነፋስ፣ ከተራራው ሲወርድ ቤታችሁ ያግኛችሁ። ማሪዬታ፣ እንግዶችሽ ከወንበዴዎቹ በፊት አይተኙብሽ፤ ቢተኙም አጠገብሽ አንድ የማይተኛ ይኑርሽ። ያ ካለሽ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። ሁላችሁንም ከክፉ ሰው፣ ከክፉ ዘመንና ከሁለት መስኮት ይጠብቃችሁ።

እኔም ተስፋ አለኝ። በግንቦት የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ከኋላ አንድ ወንበር ያዙልኝ። እንደ እንግዳ ነው የምመጣው። ደረቅ ዳቦዬን ይዤ፣ አንገት ልብሴን አድርጌ፣ እስከ ቭሩልያ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። እዚያች ኩርባ ላይ ያኔ በግዴ ያደረግኩትን በፈቃዴ ላደርግ እፈልጋለሁ። ከአሁኑ ብለማመደው ይሻላል።

ዬርኮ፣ በል እንግዲህ። አንዴ ሳልልኝ።

ሳለ።

እዚህ ጋ ግን አንዲት ነገር ብቻ...

እሺ።